ራዲዮኬሚስትሪን ከድሬዳዋ ውሃ መጀመር፦ ዝርዝር መመሪያ

ራዲዮኬሚስትሪ፣ ማለትም የራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገሮችን ኬሚስትሪ፣ ለመማር የሚያስብ ተማሪ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚጠይቀው ስለ መሣሪያ ነው። የጨረራ መለኪያው ጋይገር ቆጣሪ ከየት ይገኛል? ስንት ብር ነው? ከውጭ ማስመጣት ይቻላል ወይ? አቦ፣ መሣሪያው ይቆይ። የራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር አቶም እስኪፈርስ ድረስ የሚኖረው እንደ ማንኛውም አቶም ነው። ይሟሟል፣ ይዘቅጣል፣ ከሸክላ አፈር ጋር ይጣበቃል፣ ከውሃ ጋር ይጓዛል። ዩራኒየም አንድ ጉድጓድ ውስጥ መገኘት አለመገኘቱን የሚወስነው ጨረሩ አይደለም። ድንጋዩና ውሃው ውስጥ ያለው ካርቦኔትና ኦክስጅን ነው። ኬሚስትሪውን ያልያዘ ሰው ውድ መሣሪያ ቢሰጡትም የሚያነበው ቁጥር ምን እንደሚል አይገባውም።

ይህን የምጽፈው ሐረማያ ወይም ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ለሚማር፣ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ዓመት ላይ ላለ ተማሪ ነው። የሁለተኛ ደረጃ የኬሚስትሪ መምህርም ይጠቀምበታል። አካባቢው ራሱ ለትምህርቱ የተመቸ ነው። በሐረርና በሐረማያ ዙሪያ ጥንታዊ ግራናይትና መሰል አለቶች አሉ። በደንገጎ ቁልቁል ወደ ድሬ ሲወረድ አሸዋ ድንጋይና የኖራ ድንጋይ ይመጣል። ሜዳው ላይ ደግሞ ጎርፍ ያወረደው ደለል አለ። ሌላ አገር ያለ ተማሪ በመጽሐፍ ብቻ የሚያየውን እናንተ በአንድ የሚኒባስ ጉዞ ታዩታላችሁ።

ደረጃ 1፦ ከማንቆርቆሪያው ጀምሩ

የድሬ ውሃ ካልሲየም የበዛበት መሆኑን ሻይ የሚያፈላ ሁሉ ያውቃል። ማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይጋገራል። ሳሙና ቶሎ አረፋ አይሰጥም። የመጀመሪያው ላብራቶሪያችሁ ይህ ቅርፊት ይሁን።

ቅርፊቱን በማንኪያ ፋቅ ፋቅ አድርጉና ብርጭቆ ውስጥ ጨምሩ። ከላዩ አቼቶ ጠብ አድርጉበት። ወዲያው አረፋ ይወጣል። አረፋው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፣ ቅርፊቱ ደግሞ በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት። አሁን ወደ ኋላ አስቡ። የዝናብ ውሃ አፈር ውስጥ ሲያልፍ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ይወርዳል። አሲዳማ ስለሚሆን የኖራ ድንጋዩን ያሟሟል። ካልሲየሙና ባይካርቦኔቱ ከውሃው ጋር ጉድጓድ ይደርሳሉ። ውሃው ሲፈላ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይበርራል፣ ካልሲየም ካርቦኔቱም ተመልሶ ይዘቅጣል። ድንጋዩ ከተራራ ተነስቶ ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ እንደገና ተሠራ ማለት ነው።

ከዚህ የሚቀጥለው ጥያቄ ነው ወደ ራዲዮኬሚስትሪ የሚያስገባው። ካልሲየም ሲዘቅጥ ብቻውን ይዘቅጣል? አይዘቅጥም። የፔሪዮዲክ ቴብሉን ሁለተኛ ቡድን እዩት፦ ማግኒዥየም፣ ካልሲየም፣ ስትሮንሺየም፣ ባሪየም፣ ራዲየም። ጠባያቸው ስለሚመሳሰል አንዱ ሲዘቅጥ ሌላውን ይዞ ይወርዳል። በነዳጅ ጉድጓዶች ቧንቧ ውስጥ የሚጋገር የባሪየም ሰልፌት ቅርፊት ራዲየም እያጠራቀመ ራዲዮአክቲቭ መሆኑ በዓለም ዙሪያ የታወቀ ችግር ነው። የማንቆርቆሪያችሁ ቅርፊት ግን አደገኛ ነው እያልኩ አይደለም። መንገዱ አንድ ነው ለማለት ነው።

ከቅርፊቱ ቀጥሎ የአናሊቲካል ኬሚስትሪ ደብተራችሁን አውጡ። አራት ነገር አጥብቃችሁ ያዙ፦ ሶሉቢሊቲ ፕሮዳክት፣ ኮምፕሌክስ መፍጠር፣ ኦክሲዴሽንና ሪዳክሽን፣ የአሲድና ቤዝ ቲትሬሽን። የውሃውን አልካሊኒቲ፣ ማለትም አሲድን የማክሸፍ አቅሙን፣ በቲትሬሽን ራሳችሁ ለኩ። ደጋግማችሁ ለኩና ውጤቶቹ እርስ በርስ እስኪቀራረቡ አታቁሙ። እዚህ ላይ እጃችሁ ካልሠለጠነ ወደፊት ከባሪየም ጋር ስትታገሉ ይፈርድባችኋል።

ደረጃ 2፦ የአስኳሉ ሂሳብ

ብዙ ሰው የሚፈራው ይህን ክፍል ነው። ግን አጭር ነው። አንድ ቤከረል ማለት በሴኮንድ አንድ አቶም ፈረሰ ማለት ነው። አክቲቪቲ፣ ማለትም በሴኮንድ የሚፈርሰው ብዛት፣ የሚገኘው የአቶሞቹን ብዛት በመፍረሻ ቋሚው በማባዛት ነው። መፍረሻ ቋሚው ደግሞ 0.693 ለግማሽ ዕድሜ (ከአቶሞቹ ግማሹ እስኪፈርስ ለሚወስደው ጊዜ) ተካፍሎ የሚመጣው ቁጥር ነው። በቃ። ሌላው ሁሉ ከዚህ ይወጣል።

በፖታሲየም ሞክሩት። በተፈጥሮ ካለ ፖታሲየም 0.0117 በመቶው ፖታሲየም-40 ነው፣ ግማሽ ዕድሜውም 1.25 ቢሊዮን ዓመት ገደማ። አንድ ግራም ፖታሲየም ውስጥ ስንት የፖታሲየም-40 አቶም እንዳለ በአቮጋድሮ ቁጥር አስሉ። ዓመቱን ወደ ሴኮንድ ቀይሩ። መልሱ ከ31 እስከ 32 ቤከረል ይመጣል። ካልመጣላችሁ ከዓመት ወደ ሴኮንድ የቀየራችሁበትን ቦታ እዩ፣ አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚያ ነው። የጎልማሳ ሰው አካል ውስጥ 140 ግራም ያህል ፖታሲየም ስላለ፣ እያንዳንዳችን በሴኮንድ ከ4 ሺህ በላይ አቶም ይፈርስብናል። «ራዲዮአክቲቭ» የሚለውን ቃል ሰምቶ የሚደነግጥ ጓደኛ ካላችሁ ይህን ንገሩት።

አሁን ሁለት ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጡ። አንድ ግራም ዩራኒየም-238 አክቲቪቲው 12,400 ቤከረል ያህል ነው። አንድ ግራም ራዲየም-226 ግን 36 ቢሊዮን ቤከረልን ያልፋል። ልዩነቱ ከግማሽ ዕድሜ የመጣ ነው፦ የዩራኒየሙ 4.47 ቢሊዮን ዓመት፣ የራዲየሙ 1,600 ዓመት። ይህ የሒሳብ ጨዋታ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያወጣው መመሪያ ለዩራኒየም በሊትር 30 ማይክሮግራም ነው። ወደ ቤከረል ብትቀይሩት ዩራኒየም-238ቱ 0.37 ገደማ ይሆናል። ገደቡ የተቀመጠው በጨረሩ ሳይሆን ዩራኒየም እንደ ከባድ ብረት ኩላሊት ስለሚጎዳ ነው። ለራዲየም-226 ደግሞ መመሪያው በሊትር 1 ቤከረል ነው። ይህ በክብደት ሲታይ 27 ፒኮግራም ብቻ ነው። በዓይን አይታይም፣ በሚዛን አይመዘንም፣ ብቻውንም አይዘቅጥም። ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ሊጠፋባችሁ ይችላል። ራዲዮኬሚስት የሚባል ሙያ ያስፈለገው ለዚህ ነው።

ከዚህ ደረጃ ሳትወጡ የዩራኒየም-238ን ሰንሰለት በቃላችሁ ያዙ። ከዩራኒየም ተነስቶ በቶሪየም፣ በራዲየም፣ በራዶንና በፖሎኒየም አልፎ የማይፈርስ እርሳስ-206 ላይ ይቆማል። በመንገዱ 8 የአልፋ (የሂሊየም አስኳል የሚወጣበት) እና 6 የቤታ (ኤሌክትሮን የሚወጣበት) መፍረስ አለ። በሰንሰለቱ ላይ ያለው እያንዳንዱ ልጅ ከአባቱ የተለየ ኬሚስትሪ አለው። ድንጋዩ ተዘግቶ እስከቆየ ሁሉም እኩል አክቲቪቲ ይይዛሉ። ውሃ ሲገባ ግን ይበታተናሉ፣ እያንዳንዱ በየጠባዩ ይሄዳል።

ደረጃ 3፦ የየንጥረ ነገሩን ጠባይ አጥኑ

ትምህርቱ የሚጣፍጠው እዚህ ላይ ነው። ጊዜያችሁን አትቆጥቡ።

ዩራኒየም ሁለት ፊት አለው። ኦክስጅን በሌለበት ቦታ የኦክሲዴሽን ቁጥሩ 4 ይሆናል። ያኔ አይሟሟም፣ ድንጋዩ ውስጥ ይቀመጣል። ኦክስጅን ሲያገኝ ወደ 6 ይወጣና ዩራኒል የሚባል አዮን ይሆናል። ይህ አዮን ካርቦኔት ይወድዳል። ከሁለት ወይም ከሦስት ካርቦኔት ጋር ተጣምሮ ኔጌቲቭ ቻርጅ ያለው ኮምፕሌክስ ይፈጥርና ከውሃው ጋር ይጓዛል። ካልሲየም ከበዛ ደግሞ ካልሲየሙም ጭምር ገብቶ የካልሲየም፣ የዩራኒልና የካርቦኔት ኮምፕሌክስ ይሠራል። ይህ ኮምፕሌክስ አፈር ላይ መጣበቅ አይወድም። እንግዲህ ማንቆርቆሪያውን አስታውሱ። ካርቦኔትም ካልሲየምም የበዛበት፣ ኦክስጅን ያለው የከርሰ ምድር ውሃ ዩራኒየምን አሟሙቶ ለመሸከም አመቺ ነው። ይህ ማለት ድሬ ውሃ ውስጥ ዩራኒየም በዝቷል ማለት አይደለም፣ ምንጩ ድንጋይ ውስጥ መኖር አለበት። ግን ለማጥናት የሚያበቃ ምክንያት ነው። የመሬት ቅርፊት በአማካይ በኪሎ 2.7 ሚሊግራም ገደማ ዩራኒየም አለው። ግራናይት ከዚህ ከፍ ይላል፣ ጥቁሩ የባዛልት ድንጋይ ግን ዝቅ ይላል።

ቶሪየም ግትር ነው። የኦክሲዴሽን ቁጥሩ 4 ብቻ ነው፣ አይሟሟም ማለት ይቻላል። አፈሩ ውስጥ ብዙ ቢኖርም ውሃው ውስጥ አታገኙትም።

ራዲየም የባሪየም ታናሽ ወንድም ነው። ሰልፌት ባለበት ይዘቅጣል፣ ብረትና ማንጋኒዝ ኦክሳይድ ላይ ይጣበቃል። ውሃው ጨዋማ ሲሆን፣ ወይም ኦክስጅን አልቆ እነዚያ ኦክሳይዶች ሲሟሙ፣ ይለቀቃል። ስለዚህ ዩራኒየም የሚወደው ውሃና ራዲየም የሚወደው ውሃ ብዙ ጊዜ የተለያዩ ናቸው። አንድ ጉድጓድ ዩራኒየሙ ዝቅ ብሎ ራዲየሙ ከፍ ሊል ይችላል። አንዱን ለክቶ ስለ ሌላው መናገር አያስኬድም።

ራዶን ጋዝ ነው፣ ከማንም ጋር አይጣመርም። ግማሽ ዕድሜው 3.82 ቀን ነው። ከጥልቅ ጉድጓድ ሲወጣ ውሃው ውስጥ አለ። ሮቶ ውስጥ ሲወርድ፣ ሲረጭ፣ ሲፈላ ይበርራል። ስለዚህ ከራዶን አንጻር የሚያሳስበው የሚጠጣው ውሃ ሳይሆን የታፈነ ቤት አየር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለቤት ውስጥ አየር በሜትር ኩብ 100 ቤከረልን ማጣቀሻ አድርጎ ያስቀምጣል፤ እሱ ካልተቻለ ከ300 እንዳይበልጥ። የድሬ ቤት ሙቀቱን ፍራቻ መስኮቱ ተከፍቶ ስለሚያድር ራዶን ለመጠራቀም ይቸገራል። የሐረር ጁገል የድንጋይ ቤቶች፣ ግድግዳቸው ወፍራም መስኮታቸው ጠባብ የሆኑት፣ ለመለካት የበለጠ አጓጊ ናቸው።

ሲዚየም-137 ሰው ሠራሽ ነው፣ ግማሽ ዕድሜው 30 ዓመት ገደማ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ60ዎቹ በአየር ላይ ከተደረጉ የቦምብ ሙከራዎች የረገፈው በዓለም ዙሪያ አፈር ላይ በጥቂቱ ይገኛል። ሸክላ አፈር አንዴ ከያዘው አይለቀውም። ይህን ጠባዩን ሰዎች ለሌላ ሥራ አዋሉት። አፈሩ ከተሸረሸረ ሲዚየሙም አብሮ ይሄዳል። ከተዳፋቱ ላይ ጎድሎ ከታች ሜዳው ላይ ቢጨምር፣ አፈሩ ከየት ወደ የት እንደሄደ ታወቀ። ለሐረርጌ ደጋ ማሳ ከዚህ የተሻለ የጥናት ሐሳብ አላውቅም። ሌላም ልጨምር፦ እርሳስ-210 ግማሽ ዕድሜው 22 ዓመት ገደማ ስለሆነ፣ የሐይቅ ደለል እስከ 100 ወይም 150 ዓመት ወደ ኋላ ለመቁጠር ያገለግላል። የሐረማያ ሐይቅ ወለል ላይ የተኛው ጭቃ የሐይቁን ታሪክ በየንብርብሩ ይዟል። የሚቆፍረው ተማሪ ነው የሚፈለገው።

ደረጃ 4፦ ናሙና አወሳሰድ

እዚህ ደረጃ ላይ የተበላሸውን የትኛውም መሣሪያ አያቃናውም። የጉድጓድ ውሃ ከሆነ ፓምፑ እንደተነሳ የሚወጣውን አትውሰዱ። ቧንቧ ውስጥ የቆየ ነው። ሙቀቱ፣ ፒኤቹና የኤሌክትሪክ ማስተላለፍ አቅሙ ተረጋግቶ አንድ ቦታ እስኪቆም አስወጡት። እነዚህን ሦስቱን እዚያው ለኩና እዚያው ጻፉ። ማታ ቤት ገብቼ እጽፈዋለሁ ያለ ሰው ሲጽፍ አላየሁም።

ለዩራኒየምና ለራዲየም የሚሆነውን ውሃ በ0.45 ማይክሮን ፊልተር አሳልፋችሁ ንጹሕ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ አድርጉ። ቀጥሎ ናይትሪክ አሲድ ጨምሩና ፒኤቹን ከ2 በታች አውርዱት። አሲዱ ጠርሙሱ ላይ መለጠፍን ይከለክላል። ሰልፈሪክ አሲድ እንዳታደርጉ፤ ሰልፌቱ ባሪየሙንና ራዲየሙን አዝቅጦ ጠርሙሱ ሥር ያስቀርባችኋል። የእኛ አካባቢ ውሃ ላይ ደግሞ አንድ ልዩ ጣጣ አለ። መጽሐፍ ላይ «ለአንድ ሊትር ይህን ያህል ሚሊሊትር» የሚለውን ዝም ብላችሁ አትከተሉ። ባይካርቦኔቱ የአሲዱን አንድ ክፍል ይበላዋል። በሊትር 400 ሚሊግራም ባይካርቦኔት ያለው ውሃ፣ ከሌለው ጋር ሲነጻጸር አንድ ዓይነት ፒኤች ላይ ለመድረስ አሲዱን ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ይጠይቃል። ስለዚህ ጥቂት ጨምሩ፣ በፒኤች ወረቀት እዩ፣ እንደገና ጨምሩ። ጋዝ ስለሚወጣም ክዳኑን ወዲያው ጥርቅም አድርጋችሁ አትዝጉት። በድሬ ፀሐይ ጠርሙሱ ተነፍቶ ታገኙታላችሁ።

ለራዶን የሚሆነው ናሙና ሁሉ ነገሩ ተቃራኒ ነው። አሲድ አይገባበትም፤ የሚወጣው ጋዝ ራዶኑን ጠርጎ ይዞት ይሄዳል። የመስታወት ጠርሙስ ያዙ። ቱቦውን እስከ ጠርሙሱ ሥር አስገቡና ውሃው ሳይረጭ ቀስ ብሎ ሞልቶ እንዲፈስ አድርጉ። የአየር አረፋ ሳታስቀሩ ክደኑት። ሰዓቱን በደቂቃ ጻፉ። ናሙናው ከአንድ ቀን በኋላ ቢቆጠር ከራዶኑ 83 በመቶ ገደማ ይቀራል። አራት ቀን ከቆየ ግን ከግማሽ በታች ይወርዳል። ሰዓቱ ካለ በሒሳብ ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል። ሰዓቱ ከሌለ ናሙናው ውሃ ብቻ ነው።

ስለ ሰዎቹም አንድ ቃል። የጉድጓዱ ባለቤት አዛውንት ከሆኑ «አባባ» ብላችሁ ሰላምታ አቅርቡ፣ ምን እንደምትሠሩ አስረዱ፣ አስፈቅዱ። ከከተማ ወጣ ስትሉ ኦሮምኛ ወይም ሶማሊኛ የሚናገር ጓደኛ ይዛችሁ ሂዱ። ጓንት አድርጋችሁ ጠርሙስ ስትሞሉ ያየ ሰው ውሃው ተመርዟል ብሎ ቢያወራ አይፈረድበትም። ከሰዓት በኋላ በጫት ሰዓት ከሄዳችሁ ደግሞ የጉድጓዱን ቤት ቁልፍ የያዘውን ሰው ለማግኘት ትንከራተታላችሁ። ጠዋት ሂዱ።

ደረጃ 5፦ ራዲዮአክቲቭ ያልሆነውን መለየት ተለማመዱ

ይህ ሥራ በዩኒቨርሲቲው ላብራቶሪ፣ መምህር ባለበት ይሁን። የሚሟሟ የባሪየም ጨው መርዝ ነው። ቤት ውስጥ አይሞከርም።

ሐሳቡ እንዲህ ነው። ራዲየሙ በጣም ጥቂት ስለሆነ ብቻውን አይዘቅጥም። ስለዚህ ተሸካሚ ይሰጡታል። ውሃው ውስጥ የታወቀ መጠን ባሪየም ይጨመራል። ሰልፌት ሲገባ ባሪየም ሰልፌት ይዘቅጣል፣ ራዲየሙን ካለ ይዞት ይወርዳል። እናንተ መጀመሪያ የምትለማመዱት ራዲየም ሳይኖር፣ ባሪየሙን ብቻ ነው። 10 ሚሊግራም ባሪየም ጨምራችሁ ከሆነ፣ ምንም ሳይጠፋ ቢዘቅጥ 17 ሚሊግራም ባሪየም ሰልፌት ታገኛላችሁ። አጣርታችሁ፣ አድርቃችሁ ስትመዝኑ 13.6 ሚሊግራም ሆነ እንበል። 80 በመቶ ተገኘ ማለት ነው። ወደፊት እውነተኛ ራዲየም ስትለኩ የምታገኙትን ቁጥር ለ0.80 ታካፍላላችሁ። የጠፋውን ያህል ማወቅ እስከቻላችሁ ድረስ መጥፋቱ አይጎዳም። የዚህ ሙያ ትልቁ ብልሃት ይህ ይመስለኛል።

የሚሊግራም ሥራ ነውና ጣጣው በጥቃቅኑ ነው። በሙቀቱ ምክንያት የላቡ ቬንቲሌተር ከተከፈተ ሚዛኑ ቁጥሩን አይዝላችሁም። አጥፉትና ላባችሁን ታገሡ። ዝቃጩ ደቃቅ ስለሆነ በፊልተሩ ሊያልፍ ይችላል። ሞቅ ባለ ውሃ ላይ ሰልፌቱን ቀስ እያላችሁ ጠብ ጠብ አድርጉና አሳድሩት፣ ጠንከር ያለ ቅንጣት ይሠራል።

ይህ ተራ የሚመስል ሥራ ዓለምን ቀይሯል። እ.ኤ.አ. በ1938 መጨረሻ ኦቶ ሃንና ፍሪትስ ሽትራስማን በርሊን ውስጥ በኒውትሮን ከተመታ ዩራኒየም ራዲየም ያገኙ መስሏቸው ነበር። በባሪየም ተሸካሚነት አዘቀጡት። ከዚያ ከባሪየሙ ሊለዩት ሞከሩ። አልለይ አለ። ያልተለየውም ራሱ ባሪየም ስለነበረ ነው። የዩራኒየም አስኳል ለሁለት ተሰንጥቆ ነበር። ምን እንደተፈጠረ በፊዚክስ ያብራሩት ሊዘ ማይትነርና የእህቷ ልጅ ኦቶ ፍሪሽ ናቸው። የአስኳል መሰንጠቅን ያጋለጠው ቢከርና ፊልተር የያዘ ኬሚስት ነው።

ደረጃ 6፦ ስለ ደህንነት

ከተፈጥሮ ውሃና አፈር ጋር መሥራት ከአሲዱ የበለጠ አደጋ የለውም። ጉዳዩ የሚቀየረው የታሸገ የጨረራ ምንጭ ሲመጣ ነው። በአገራችን ምንጭ ያለ ፈቃድ መያዝ አይቻልም፣ ስለዚህ ሁልጊዜ በተቋም በኩል ሂዱ። ለማኅበረሰቡ የተቀመጠው ዓለም አቀፍ ገደብ በዓመት 1 ሚሊሲቨርት (ሰው የሚያገኘው የጨረራ መጠን መለኪያ) ነው፣ ለሠራተኛ በአማካይ 20። ከተፈጥሮ ሰው ሁሉ የሚያገኘው በዓለም አማካይ 2.4 ያህል ነው፤ እሱ በገደቡ ውስጥ አይቆጠርም።

አንድ ነገር ለጎረቤትም ንገሩ። እ.ኤ.አ. በ1987 በብራዚሏ ጎያኒያ ከተማ ከተተወ ሆስፒታል የተወሰደ የጨረር ሕክምና ዕቃ ለቁራጭ ብረት ነጋዴ ተሸጠ። ውስጡ ሲዚየም-137 ነበረ፣ ያውም ክሎራይድ ጨው ሆኖ። ክሎራይዱ በቀላሉ ስለሚሟሟና ስለሚበተን ከእጅ ወደ እጅ፣ ከቤት ወደ ቤት ተዳረሰ። አራት ሰው ሞተ። የኬሚካሉ ዓይነት ጉዳቱን ምን ያህል እንደሚያሰፋው ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም። የሰፈራችሁ ቁራሌው ሦስት ክንፍ ያለውን የጨረራ ምልክት ቢያውቀው ጥሩ ነው።

ደረጃ 7፦ መቁጠር

በመጀመሪያ ያቆየነው መሣሪያ አሁን ይምጣ። ግን ጋይገር ቆጣሪ ጄሪካን አጠገብ አስቀምጦ «ውሃው ንጹሕ ነው» ማለት አይቻልም። የመጠጥ ውሃ ማጣሪያ ደረጃው፣ ማለትም ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልግ እንደሆነ የሚለየው ልክ፣ ለጠቅላላ አልፋ በሊትር 0.5 ቤከረል፣ ለጠቅላላ ቤታ 1 ቤከረል ነው። አልፋው ውሃውን ራሱን እንኳ አቋርጦ አይወጣም። ቆጣሪው የሚሰማው ከአካባቢው የሚመጣውን ባክግራውንድ ነው። ሊጠቅማችሁ የሚችለው ለልምምድ ነው። ማዳበሪያ ወይም ላብራቶሪ ውስጥ ያለ ፖታሲየም ክሎራይድ ፈልጉ። አንድ ኪሎው 16 ሺህ ቤከረል ገደማ ስላለው፣ ያለ ስጋት መሣሪያውን ለመፈተሽ ይሆናል።

ለአፈር የሚያስፈልገው የጋማ ስፔክትሮሜትር፣ ማለትም የጋማ ጨረርን በጉልበቱ የሚለይ መሣሪያ፣ ነው። አፈሩን አድርቁ፣ ወንፉት፣ ዕቃ ውስጥ አሽጉና አራት ሳምንት አስቀምጡት። ይህ መቆየት ለወግ አይደለም። ራዶኑ እንዳያመልጥ ታሽጎ ከራዲየሙ ጋር እኩል እስኪደርስ ነው። ሰባት ግማሽ ዕድሜ 27 ቀን ያህል ነው፣ ያኔ 99 በመቶ ይደርሳል። ከዚያ ከራዶን የሚወለደውን የቢዝመዝ-214ን መስመር 609 ኪሎ ኤሌክትሮንቮልት ላይ፣ የፖታሲየም-40ን 1,461 ላይ፣ የሲዚየም-137ን 662 ላይ ትፈልጋላችሁ። የሶዲየም አዮዳይድ መሣሪያ ከሆነ ሙቀት መስመሮቹን ያንሸራትታቸዋል። ጠዋት የቃኛችሁትን መስመር ድሬ ላይ ከቀትር በኋላ ቦታውን ለቆ ታገኙታላችሁ። የፖታሲየሙን መስመር ምልክት አድርጋችሁ ደጋግማችሁ አስተካክሉ። የጀርማኒየም መሣሪያ ይበልጥ ጥርት አድርጎ ይለያል፣ ግን ማቀዝቀዣ ይፈልጋል። መብራት ከጠፋ ጉድ ነው።

አንድ ስሌት አብረን እንሥራ። ናሙናው በአንድ ሰዓት 400 ቆጠረ። ባዶው ዕቃ በአንድ ሰዓት 300 ቆጠረ። ልዩነቱ 100 ነው። ጥርጣሬው የሁለቱ ድምር፣ ማለትም የ700 ስኩዌር ሩት ነው፤ 26 ገደማ። ውጤቱ 100 ሲደመር ሲቀነስ 26 ተብሎ ይጻፋል። ልዩነቱ 30 ብቻ ቢሆንስ? ባክግራውንዱ 300 ሲሆን፣ «አለ» ለማለት ልዩነቱ ቢያንስ 40 መድረስ አለበት። ስለዚህ የሚጻፈው «አልተገኘም» ነው፣ ከጎኑም መሣሪያው መለየት የሚችለው ዝቅተኛ መጠን። «ዜሮ ነው» አይባልም። ተማሪዎች ውጤቱ ደስ እንዲላቸው ይህን ይዘልሉታል። ገምጋሚ መጀመሪያ የሚያየው ግን እሱን ነው።

ደረጃ 8፦ በር ማንኳኳትና ውጤት ማስረከብ

በዲግሪ ደረጃ ኬሚስትሪ አጥኑ፣ አናሊቲካሉን አጠንክሩ፣ ከፊዚክስ ክፍል የኒውክሊየር ፊዚክስ ኮርስ ውሰዱ። የመመረቂያ ጽሑፋችሁን በውሃ ወይም በአፈር ላይ አድርጉ። አማካሪ ስትፈልጉ «ራዲዮአክቲቪቲ ላይ መሥራት እፈልጋለሁ» ብላችሁ ብቻ አትሂዱ። «ከእነዚህ ስድስት ጉድጓዶች አልካሊኒቲና ካልሲየም ለክቼ ይኸው፣ ዩራኒየም ልጨምርበት» በሉ። ሠርቶ የመጣን ተማሪ መምህር አይገፋም። መለኪያው እዚህ ባይኖር ናሙናው አዲስ አበባ ሊሄድ ይችላል። ዩራኒየምና ራዲየም አሲድ ውስጥ እስካሉ መንገዱን ይችሉታል።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ አባል ናት። ኤጀንሲው ብዙ መመሪያዎቹንና የኢንተርኔት ኮርሶቹን በነጻ ይሰጣል። ለሴቶች ደግሞ በማሪ ስክሎዶቭስካ-ኩሪ ስም እ.ኤ.አ. በ2020 የተጀመረ የማስተርስ ድጋፍ አለው። እህቶቻችን ይህን ሳያመለክቱ እንዳያልፉ።

ውጤቱ ሲደርስ ቁጥሩን፣ ጥርጣሬውን፣ ቦታውንና ቀኑን አንድ ላይ ጻፉ። ከመመሪያው በላይ የሆነ ቁጥር ከመጣ፣ መጀመሪያ ከዚያው ጉድጓድ ሌላ ናሙና ወስዳችሁ ድገሙት። የማጣሪያ ደረጃውን አለፈ ማለት ውሃው አይጠጣም ማለት አይደለም። የትኛው ንጥረ ነገር እንደሆነ ለይታችሁ ለኩ ማለት ነው። ሁለተኛውም ያንኑ ካለ ከአማካሪያችሁ ጋር ሆናችሁ ወደ ውሃ ቢሮው ሂዱ። ቲክቶክ ላይ አታውጡት። ከእያንዳንዱ ናሙና መንታውን ጠርሙስም አትድፉ፤ የቢሮው ባለሙያ እኔም ልለካው ካለ የምትሰጡት እሱን ነው።